ያልወረድኩት ቁልቁለት

ጋሽ ቶሎሳ ማረፋቸውን የሰማሁት ጫጫ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሾፌሩ ጎማ ሊያስነፋ ወርዶ ነበር። የደወለችልኝ ልጃቸው ሲፈን ናት። «ብሩክ፣ አባባ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን ያልጠበቅኩትን ነገር ጨመረች። «በሽታው ከጠናበት ጀምሮ ስምህን ደጋግሞ ያነሳ ነበር። ይመጣል እያለ ነበር የሚጠብቅህ።»

ታመው ቤት ከዋሉ ሦስት ወር ሆኗቸው ነበር። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ በበራቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ አልፌያለሁ። አንድ ቀን ሙዝ ገዝቼ እስከ ቆርቆሮው አጥር ድረስ ሄጄ ነበር። የውጪው በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል። ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ሙዙንም ቤቴ ወስጄ ራሴ በላሁት።

ለምን እንዳልገባሁ እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጋሽ ቶሎሳ የወለጋ ሰው ነበሩ። ደብረ ብርሃን የመጡት ገና በወጣትነታቸው፣ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ አስተማሪ ሆነው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ወደዚያ ተዛወሩ። ከተማውን ወደው ኖሩበት፤ ብርዱን ግን እስከ መጨረሻው አልለመዱትም። በግንቦት እንኳ ሁለት ሹራብ ደርበው፣ በላዩ ኮት ጨምረው፣ ጆሯቸውን የሚሸፍን የሱፍ ቆብ አድርገው ነበር ክፍል የሚገቡት። ከኮታቸው ኪስ የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ተማሪ ቢሮአቸው ሲገባ ገና ሰላም ሳይሉት እፍኝ ቆሎ ይዘግኑለታል። አፉ በቆሎ የተሞላ ተማሪ መፍራት ያቅተዋል ይሉ ነበር።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ዓርብ ከሰዓት ክፍሉን በሙሉ ይዘውን መናኸሪያ ሄዱ። «ዓርብ ዓርብ ሰልፉ ለምን እንደሚረዝም ጠይቃችሁ ኑ» አሉን። ተሳፋሪዎቹ መኪና አነሰ አሉን። ሾፌሮቹ፣ ሰው ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት ካልሄድኩ ስለሚል ነው አሉ። ተራ አስከባሪዎቹ፣ ሾፌሮቹ ባዶ መመለስ ስለማይፈልጉ አዲስ አበባ እየቆዩብን ነው ብለው ተቆጡ። ጥግ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ደግሞ፣ የፋብሪካው ፈረቃና ትምህርት ቤቱ በተመሳሳይ ሰዓት መለቀቅ ከጀመሩ ወዲህ የመጣ ነገር ነው አለችን። ተመልሰን ማን ልክ እንደሆነ ስንከራከር እሳቸው ቆሎአቸውን እየቆረጠሙ ሰሙንና፦

«ሁሉም ልክ ናቸው» አሉ። «ግን እያንዳንዱ ያየው ከቆመበት በኩል ያለውን ነው። የእኛ ሥራ የሁሉንም አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጠን፣ አንዱ ሌላውን እንዴት እንደሚነካ ማየት ነው። ሞዴል የምንለው ይኸንኑ ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።»

ይህን አሁን እኔም ለተማሪዎቼ እላለሁ። በየዓመቱ መናኸሪያ እወስዳቸዋለሁ። ከማን እንደተማርኩትም እነግራቸዋለሁ፤ እዚያ ድረስ እውነተኛ ነኝ።

ተመርቄ እዚያው በረዳትነት ስቀር ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመርኩ። የጎረቤላ ውሃ ጉዳይ የመጣው ያኔ ነው። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። በበጋ ቧንቧዋ ይደርቅ ስለነበር፣ ከጫካው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች የትኛው ተጠልፎ ወደ ከተማዋ ቢመጣ እንደሚሻል እንድናጠና ተጠየቅን። ሲያዩት ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ነገር ግን ምንጩ ከጫካው ጋር፣ ጫካው ከማገዶውና ከባሕር ዛፉ ጋር፣ ባሕር ዛፉ ከገበሬው ኑሮ ጋር የተሳሰረ ነው። ከምንጩ ተርፎ ቁልቁል የሚወርደውንም ውሃ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ፤ ከታች፣ ቆላው ላይ፣ አልዩ አምባ አካባቢ።

ጋሽ ቶሎሳ የወረዳውን አዳራሽ ወንበር ሁሉ ወደ ግድግዳ አስጠግተው ወለሉ ላይ ትልቅ ሸራ አነጠፉ። ጫካ ጠባቂውን፣ የውሃ ቴክኒሻኑን፣ ባለ ከብት ገበሬዎችን፣ የጤና ባለሙያዋን፣ ጀሪካን የሚሸከሙ ሴቶችን ሁሉ ዙሪያውን አስቀመጡ። መጻፍ የሚችል የሚያውቀውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ ሸራው ላይ ያስቀምጣል፤ የማይችል ይሥላል። «ይኼ ያንን ይነካዋል» ሲሉ በመካከላቸው ሲባጎ ይዘረጋል። እስከ ምሳ ድረስ ሸራው የሸረሪት ድር መሰለ።

ከሴቶቹ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ይባላሉ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ቆይተው፣ «የዘንድሮ ምንጭ እኮ የሚያወጣው የዘንድሮን ዝናብ አይደለም፤ የአምናውን ነው» አሉ።

ቴክኒሻኑ ሳቅ አለ። «እማማ፣ ዝናብ ከበዛ ምንጭ ይበዛል፤ በቃ።»

ጋሽ ቶሎሳ ቆባቸውን አወለቁ። አዲስ ነገር ሲሰሙ ልማዳቸው ነው፤ በዚያ የአንኮበር ብርድ፣ ጸጉር በሌለው ራሳቸው። «እስቲ እንደገና ይንገሩኝ» አሏቸው።

ሴትዮዋ ደነገጡ። የተናገሩትን ድገሚው ያላቸው ሰው የኖረ አይመስለኝም። ቀስ ብለው አስረዱ። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ምንጩ ደኅና ወርዶ ነበር፤ በማግሥቱ ዓመት ዝናቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ እሳቸው ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደው ይቀዱ ነበር። ሌሎቹም ሴቶች ያንን ዓመት አስታወሱት። በዕረፍት ሰዓት ቴክኒሻኑ ቢሮው ሄዶ መዝገቡን ሲያገላብጥ ቆየና አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ። «ልክ ናቸው» አለ። ያ የአንድ ዓመት መዘግየት ኮምፒውተራችን ውስጥ ገባ፤ ስሌቱም ተለወጠ።

ጋሽ ቶሎሳ ስብሰባ የሚዘጉት ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነበር፦ «ማን ቀረ?» ያን ቀን መልሱ ግልጽ ነበር። ከቆላ ማንም አልመጣም፤ የገበያቸው ቀን ነበር። «እንግዲያው እኛ እንወርዳለን» አሉ።

ጉልበታቸውን ያማቸው ስለነበር የምወርደው እኔ ሆንኩ። አሥራ ስምንት መጠይቅ ሰጡኝ። «ቤት ለቤት ሂድ፣ ገበያ ላይ እንዳትጨርሰው። በበጋ ቦያቸው ከየትኛው ምንጭ እንደሚጠጣ፣ ተራ በስንት ቀን እንደሚደርሳቸው ጠይቅ። ከቻልክ ቦዩን ይዘህ እስከ ምንጩ ድረስ አብረሃቸው ውጣ» አሉኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጎረቤላ ደረስኩ። ዓርብ ጠዋት አዲስ አበባ የነጻ ትምህርት ዕድል የቃል ፈተና ነበረኝ። ይህን ለጋሽ ቶሎሳ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ኖሮ ቀኑን ይለውጡልኝ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ለምን እንዳልነገርኳቸው ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሥራውን አቃለለው እንዳይሉኝ ይመስለኛል፤ እንዳይታዘቡኝ ፈርቼ የባሰውን ሠራሁ።

ወደ ቆላ የምትወርደው መኪና ሞልታ ሄዳለች፤ ቀጣይዋ ከሰዓት ናት ተባልኩ። በእግር ይወረዳል፤ አገሬው ሁሉ የሚወርደው በእግሩ ነው። ብወርድ ግን በዚያው ቀን መመለስ አልችልም። ጉሙ ገደሉን ሞልቶት ከታች ምንም አይታይም ነበር። ሻይ ቤት ገባሁ። አጠገቤ ሽንኩርቱን ሸጦ የጨረሰ የቆላ ሰው ዳቦ በሻይ ይበላል።

«እናንተ ዘንድ ወንዙ በበጋ ይደርቃል?» አልኩት።

«ኧረ ወንዙስ አይደርቅም፣ አልሐምዱሊላህ» አለኝ።

የትኛው ወንዝ ብዬ አልጠየቅኩትም። በኋላ እንደገባኝ እሱ የሚያወራው ከሁሉም በታች ስለሚያልፈው ትልቁ ወንዝ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ማንም ወደ ማሳው ውሃ ማውጣት አይችልም። ሰውየው ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። እኔ መጠይቆቹን አወጣሁና አሥራ ስምንቱንም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞላሁ። ስሞቹን ከራሴ ፈጠርኩ፦ ሰይድ፣ ዘይነባ፣ እንድሪስ፣ አሕመድ። መልሱን ትንሽ ትንሽ አለያየሁት። አንዳንዱ ላይ በግራ እጄ ፈረምኩ። ለአራቱ ደግሞ አውራ ጣቴን በእስክሪብቶ ቀለም ቀብቼ አሻራ አደረግኩ። ሲያልቅ ጣቴን በምራቄ ጠርጌ ወደ ደብረ ብርሃን በሚመለሰው መኪና ተሳፈርኩ።

ፈተናውን አለፍኩ።

ሰኞ ዕለት ጋሽ ቶሎሳ መጠይቆቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ቆባቸውን አላወለቁም። «ቆላዎቹ ይህን ያህል ቀላል ነው አሉ? ምንጩ ቢጠለፍም አያሳስበንም ነው የሚሉት?»

«አዎ ጋሼ።»

«አንተ ራስህ ወርደህ?»

«ወርጄ።»

ትንሽ አዩኝ። «እሺ» አሉ። የሰው ቃል ይቀበሉ ነበር። ሥራቸው ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነበር፤ ወይዘሮ አስካለንም፣ እኔንም ያመኑት በዚያው ልባቸው ነው። ወደ ቆላ የሚሄደው ሲባጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ ገባ። ስሌቱ ሲወጣ ከሁሉ የተሻለው የጽዱ ምንጭ የሚባለው ሆነ። በዓመቱ ምንጩ በሲሚንቶ ታጠረ፣ ቧንቧው ተዘረጋ፣ ጎረቤላ ላይ ውሃ ወረደ። በምርቃቱ ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔም አጨበጨብኩ።

በሚቀጥለው መጋቢት ቆላዎቹ ወጡ። አርባ ያህል ይሆናሉ፤ ያንን ዳገት በእግራቸው ወጥተው አዳራሹን ሞሉት። እኛም ተጠርተን ፊት ለፊት ተቀምጠናል። የተናገሩት ወይዘሮ ሐሊማ የሚባሉ፣ ሎሚና ሽንኩርት የሚያለሙ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«ቦያችን በበጋ ከዚህ ምንጭ ሌላ የሚጠጣው የለውም። ሎሚዬ ሃያ ዓመቱ ነው፤ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ዘንድሮ በቁሙ ደረቀ። ማንን ጠይቃችሁ ነው የዘጋችሁት?»

የስብሰባው መሪ የእኛን ሰነድ አነሳ። «ተጠይቃችኋል እኮ። ይኸው የአሥራ ስምንት ሰው ፊርማና አሻራ አለ» አለና ስሞቹን ማንበብ ጀመረ። አራት ካነበበ በኋላ፣ «እንድሪስ ዓሊ» አለ።

«ማን አልክ?» አሉ ወይዘሮ ሐሊማ።

«እንድሪስ ዓሊ። አሻራው አለ።»

«እንድሪስ ዓሊ የሚባል እኛ ዘንድ አንድ ሰው ነው የነበረው። ወንድሜ ነው» አሉ። «ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል። የእሱን አሻራ ከየት አመጣችሁት?»

አውራ ጣቴን በመዳፌ ውስጥ ጨብጬ ያዝኩት። ጋሽ ቶሎሳ ወደ እኔ የሚዞሩ መሰለኝ፤ አልዞሩም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቆባቸውን አወለቁ።

«ሥራው የእኔ ነው» አሉ። «ሳላጣራ የፈረምኩት እኔ ነኝ። እናንተ አልተጠየቃችሁም። ጥፋቱን እኔ እወስዳለሁ።»

«አንተ ነህ የሞተ ሰው አሻራ ያመጣኸው?» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«ስሜ ያለው እላዩ ላይ ነው» አሉ።

እኔ ከጎናቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። መነሳት እችል ነበር። አልተነሳሁም።

ስንመለስ መኪናውን እሳቸው ይነዱ ነበር። አምባውን ጨርሰን ሜዳው ላይ ወጣን፤ ገብሱ ታጭዶ ያለቀበት ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል። ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ፣ «ብሩክ፣ የምትለኝ ነገር ካለ መንገዱ ገና ረጅም ነው» አሉ።

«የለም ጋሼ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ከዚያ ስለ ሲፈን ትምህርት አወሩልኝ። ከተማ ገብተን ቤቴ በር ላይ ሲያወርዱኝ እንደ ወትሮው ከኪሳቸው ቆሎ ዘገኑልኝ። ተቀበልኳቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። ከጥናቱ ኃላፊነት ተነሱ፤ የሚሰጧቸውም ክፍለ ጊዜ ቀነሰ። በመምህራን መዝናኛ «ሙታንን የሚያናግር ሞዴል» የሚል ቀልድ ተፈጠረ። አንድ ቀን እኔ ባለሁበት ተቀለደ፤ ሁሉም ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅኩ። እሳቸው በዚያው ቅጽበት ሻያቸውን ይዘው በበሩ እየገቡ ነበር። መስማታቸውን አላውቅም። ሰላምታ ሰጥተውን ጥግ ካለው ወንበር ተቀመጡ።

በመስከረም እኔ ለትምህርቴ አዲስ አበባ ሄድኩ። እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ቆላ መውረድ እንደጀመሩ የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። ማንም አላዘዛቸውም። ሸራቸውን ጠቅልለው እስከ ጎረቤላ በመኪና፣ ከዚያ በበቅሎ ይወርዳሉ። ቆላዎቹ መጀመሪያ አላናገሯቸውም። ለአንድ ወር ያህል ዛፍ ሥር ሸራቸውን አንጥፈው ብቻቸውን ተቀምጠው ይመለሱ ነበር አሉ። ኋላ አንድ ሁለት ሰው መጣ። በሁለት ዓመት ውስጥ የቆላውንና የጎረቤላን ሰው አንድ ሸራ ዙሪያ አስቀመጧቸው። ስሌቱን ከመጀመሪያው ጀምረው ሠሩት። በበጋ ቧንቧው በሳምንት ሦስት ቀን እየተዘጋ ውሃው ለቦዩ እንዲለቀቅ፣ ለከተማዋ ደግሞ ሌላ አነስተኛ ምንጭ እንዲጨመርላት ተስማሙ። አሁንም የሚሠራበት እንደዚያው ነው። የደረቁት ዛፎች ግን ደርቀው ቀሩ።

እኔ ዶክተር ተብዬ ተመልሼ መጣሁ። የእሳቸውን ትምህርት የማስተምረው እኔ ሆንኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ ያቅፉኝ ነበር። «ሥራ እንዴት ነው?» ይላሉ፤ ከዚያ ቆመው ይጠብቃሉ። ምን እንደሚጠብቁ አውቅ ነበር። ሁልጊዜ ሰዓቴን አይቼ ክፍል አለብኝ እላቸዋለሁ።

ከጫጫ በቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። በማግሥቱ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ አንድ አይሱዙ በሩ ላይ ቆመ። ከላዩ የቆላ ሰዎች ወረዱ። ማሽላና ሽንኩርት በጆንያ ይዘው መጥተዋል። ከፊት ወይዘሮ ሐሊማ አሉ፤ አርጅተዋል። ሲፈንን አቅፈው ብዙ አለቀሱ። ኋላ ድንኳኑ በር ላይ አየር ሊቀበሉ ወጣ ሲሉ ተከትያቸው ወጣሁ። ለምን እንደተከተልኳቸው እንኳ አላውቅም።

«ታውቀው ነበር?» አሉኝ።

«ተማሪያቸው ነኝ።»

«እኔ ሰው እንዲህ ሲሠራ አላየሁም» አሉ። «ጉልበቱ አብጦ በበቅሎ ሲወርድ ያሳዝነን ነበር። አንድ ቀን፣ ቶሎሳ፣ ያንን ወረቀት የሞላው አንተ እንዳልሆንክ እኛ እናውቃለን፣ ማነው ብለን ያዝነው። አልነገረንም። ልጅ ነው፣ ራሱ መጥቶ ይነግራችኋል፣ እኔ እየጠበቅኩት ነው አለን። አምና እንኳ ስጠይቀው ይመጣል ነው ያለኝ።»

የድንኳኑን እንጨት ያዝኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

አዩኝ።

«የወንድሜን ስም የጻፍከው?»

«አላውቃቸውም ነበር። እንዲሁ ያወጣሁት ስም ነው።»

«አሻራውስ?»

አውራ ጣቴን አሳየኋቸው። ጣቴን አይተው መልሰው ፊቴን አዩ።

«ለቶሎሳ ነግረኸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«አንድ ቀንም?»

«አንድ ቀንም።»

ሻሻቸውን አስተካከሉ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የዛፎቼን እኔ ይቅር ልልህ እችል ይሆናል፤ ኢንሻአላህ፣ ጊዜ ይፈጅ ይሆናል እንጂ። የእሱን ግን ከእኔ አትጠብቅ። የእሱ የእኔ አይደለም፣ አልሰጥህም።» መለስ ብለው፣ «ግባና ተቀመጥ፤ ሰው እያየህ ነው» አሉኝ።

ገባሁ። ሲፈን አጠገቧ ቦታ አስለቀቀችልኝ፤ የቤተ ዘመዱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛው በየተራ እየመጣ ጨበጠኝ። ሁሉም የጋሽ ቶሎሳ የቅርብ ልጅ መሆኔን ያውቃል። «እንደ አባት ነበሩልህ፣ እግዜር ያጽናህ» ይሉኛል። «አሜን» እላለሁ። ወይዘሮ ሐሊማ ከማዶ ተቀምጠው እያዩኝ ነበር። ቀጣዩ መጣና እጄን ይዞ «ያጽናህ» አለኝ። «አሜን» አልኩ።